ትልቅ ቁጥር በቀሪው ሲመረመር



የሰፈሩ ወጣቶች እዚህ ጦር ኃይሎች መጥቼ እንድናገር ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነበር። «ስለ ሒሳብ የወደዱትን ይንገሩን፤ ብቻ ሽማግሌውም ተማሪውም የሚከታተለው ይሁን» አሉኝ። እኔም ሰፊውን ትቼ አንድ ቁጥር ይዤ መጣሁ። ቁጥሩ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት ነው፤ 7518። በግእዝ አኃዝ ፸፭፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል። አብዛኞቻችሁ ከየት እንደመጣ ገብቷችኋል። ዘንድሮ 2018 ዓመተ ምሕረት ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። የቁጥር ጠባይ የሚታወቀው ተካፍሎ በሚተርፈው ነው። አንድ ቁጥር ምንም ቢተልቅ፣ ለዚህ ሲካፈል ስንት ይተርፋል፣ ለዚያ ሲካፈል ስንት ይተርፋል ብለን ከጠየቅነው የሚመልስልን ብዙ ነው። የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ቀመር፣ ሊቃውንት በዚህ ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ዛሬ ሚሊዮን አኃዝ ያላቸውን ቁጥሮች የሚመረምሩ ኮምፒውተሮችም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብን በቃል የሚጠና የበዓላት ሥርዓት ብቻ አድርጎ ማየት፣ በእጃችን ያለውን የሒሳብ ትምህርት ሳንጠቀምበት መተው ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ አዳራሽ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተቀምጧል። የምናገረው ስለ ቁጥሩ ነውና የሁላችንም ነው።

ወደ ሒሳቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። 7518 ሲባል «ለዚህ ነው ዘመኑ የከፋው፤ ስምንተኛው ሺህ ገብቷል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገብቷል። የገባው ግን በ1501 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ነበር ዓመተ ዓለም 7001 የሆነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በነገሡበት ሰሞን ማለት ነው። የሚያልቀውም በ2500 ዓ.ም. ነው። ክፉ ነገር ባየን ጊዜ ሁሉ ጣታችንን ወደ ቁጥሩ እንቀስራለን፤ ቁጥሩ ግን ስለ ሰው ምግባር የሚያውቀው የለም። የሚያውቀው ስለ ራሱ ነው፤ እሱን እንጠይቀው።

በመጀመሪያ 7518ን ለ4 እናካፍል። 1879 ይደርስና 2 ይተርፋል። 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይባላል። ስለዚህ ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1879ን ግን እንዳትጥሉት። ሊቃውንቱ መጠነ ራብዒት ይሉታል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እስከ ዘንድሮ መግቢያ ጳጉሜን ስንት ጊዜ 6 ቀን እንደሆነች የሚቆጥር ነው።

ቀጥለን ወደ 7 እንሂድ። ጥያቄው «የዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ በምን ቀን ዋለ?» የሚል ነው። በዚህ ቆጠራ የመጀመሪያው ዓመት መስከረም 1 ማክሰኞ ነበረ ይባላል፤ ጥንተ ቀመር ይሉታል። ከዚያች ማክሰኞ እስከ ዘንድሮ መስከረም 1 ያለፈውን ቀን ብንቆጥር 2,745,584 ይሆናል። ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ አርባ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አራት ቀን! ይህን ጽፎ ለ7 ማካፈል ይቻላል፤ ሊቃውንቱ ግን ወደዚያ አልሄዱም። 365 ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ይደርስና 1 ቀን ይተርፋል። የምንፈልገው የሚተርፈውን ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ዓመት በ365 ፈንታ በ1 መቁጠር ይበቃናል። 7518 ዓመት 7518 ሆኖ ይቆጠራል። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ያመጣችውን 1879 እንጨምርበት፤ 9397 ይሆናል። ይህን ለ7 ስናካፍል 1342 ይደርስና 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። የዘንድሮ ዕንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበረ፤ ታስታውሳላችሁ።

ምን እንደተደረገ ልብ በሉልኝ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚያልፈው ቁጥር ዘጠኝ ሺህ ገደማ ሆነ፤ መልሱ ግን አልተለወጠም። ከዚህ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ አያት ደርሶ የሚመለሰውን ባቡር አስቡት። ጣቢያ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ባቡሩ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ምኑም አይደለም፤ የሚያስፈልገው አሁን የቱ ጋ እንደደረሰ ነው። የሞላው ዙር ይጣላል፣ የተረፈው ይያዛል። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህን ሥራ «መግደፍ» ይሉታል፤ በ7 ገደፍኩት፣ በ30 ገደፍኩት ይላሉ። በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል የሚሰጠው የቀሪ ሒሳብም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደረስን፤ ወደ 19። እዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ያህል ናቸው። ልዩነቱ 11 ነው። ይህች 11 በየዓመቱ እየተጠራቀመች 30 ስትሞላ አንድ ተጨማሪ የጨረቃ ወር ሆና ትወጣለች። በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ተጨማሪ ወራት ይገባሉ፤ በጠቅላላው 235 የጨረቃ ወራት ይሆናሉ። ያን ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ ከተነሡበት ቦታ ይገናኛሉ። ስለዚህ ስለ ጨረቃ የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን ለ19 ማካፈል አለበት።

7518 ለ19 ሲካፈል 395 ይደርስና 13 ይተርፋል። ይህ መደብ ይባላል። ከመደቡ ላይ «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብለው አንድ ይቀንሳሉ፤ የያዝነው ዓመት ገና አላለቀምና። 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዙት፤ 132። በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ የዘንድሮ አበቅቴ ይኸው ነው። ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዙት፤ 228። በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አሁን አበቅቴና መጥቅዕን ደምሩ፤ 12ና 18፣ 30።

ይህ የዘንድሮ ዕድል እንዳይመስላችሁ። ተማሪዎች፣ በሌላ ወንበር ሞክሩት። ወንበሩ 7 ቢሆን አንዱ 77 ነው፣ ቀሪው 17። ሌላው 133 ነው፣ ቀሪው 13። ድምሩ አሁንም 30። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 11ና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ ምንም ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ከ30 ብዜት አይወጣም። ይህን በሰሌዳ ላይ ያረጋገጠ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳያውቀው የአልጀብራ ማረጋገጫ ሠርቷል።

መደቡ 1 ሲሆን ደግሞ ከ1 ላይ 1 ተቀንሶ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሊቃውንቱ «አልቦ» ይላሉ፤ አልቦ አበቅቴ። የግእዝ አኃዝ ለዜሮ ምልክት የለውም። ዜሮ ግን በሥራቸው መካከል ነበረ፤ ስም ሰጥተውታል፣ አባዝተውታል፣ ውጤቱንም ዐውቀውታል። ስለ አባቶቻችን የቁጥር ዕውቀት ስናወራ ይህን ባንረሳው ደስ ይለኛል።

11ና 19 ከየት መጡ ብሎ ለሚጠይቅ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት መልስ አለው። ባሕረ ሐሳብ የሚሰጠው ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ነው። ድሜጥሮስ በሌሊት 23፣ በቀን 7 ሱባዔ ያዘ ይላል ትውፊቱ። 23 ሱባዔ በ7 ቀን ሲባዛ 161 ነው፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፣ በ30 ሲገደፍ 19። እያንዳንዱ ሰው ትውፊቱን እንደ እምነቱ ይያዘው። እኔን የሚያስደንቀኝ የቅዱሱ ታሪክ ራሱ በቀሪ ሒሳብ መነገሩ ነው።

ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም አንድ ነገር አላችሁ። ወር የሚያስገባው የጨረቃ መታየት ቢሆንም፣ የሂጅራን ዓመት በሰንጠረዥ የቀመሩ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የ30 ዓመት ዑደት ይጠቀማሉ። ከ30ው 11 ዓመታት 355 ቀን፣ 19 ዓመታት 354 ቀን ናቸው። 11፣ 19፣ 30፤ እነዚያው ቁጥሮች! ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እዚህ የምትጠራቀመው በየዓመቱ ከ354 ቀን በላይ የምትተርፈው የሰዓታት ትርፍ ናት፤ በ30 ዓመት 11 ቀን ያህል ትሆናለች። መገጣጠሙን ከሚገባው በላይ አናክብደው፤ ሁለቱም ወገን ትርፍን አጠራቅሞ የመቁጠርን ጥበብ ማወቁ ግን እርግጥ ነው።

መጥቅዕን ይዘን ፋሲካ እስክንደርስ እንሂድ፤ መንገዱ አጭር ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የዘንድሮው 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከነበረ መስከረም 18 እሑድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕለት የሚጨመር ቁጥር አለ፤ ተውሳክ ይባላል። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18ና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ፤ መባጃ ሐመር ይባላል። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ይህ ቁጥር ከጥር ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25። ተውሳኩ ለምን 7 ሆነ? ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 ድረስ 120 ቀን ነው። 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ መስከረም 18 እሑድ ከሆነ ጥር 18 ሰኞ ነው፤ 7 ስትጨምሩ ጥር 25 እንደገና ሰኞ ይሆናል። የእያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የተሠራው ነነዌን ሁልጊዜ ሰኞ ላይ እንዲያሳርፍ ነው። ከነነዌ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ያለ ቴሌስኮፕ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ከአንዲት 7518 ተነሥተን እዚህ ደረስን።

በመካከላችሁ ውትድርና ያገለገላችሁ፣ ወታደር ያሰለፋችሁ አባቶች እንዳላችሁ ነግረውኛል። የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ባለበት ሰፈር ይህ አያስገርምም። የሚቀጥለው ጥያቄ ለእናንተ ነው።

አንድ የጦር አለቃ ምልምሎቹን በ4 በ4 ቢያሰልፍ 2 ሰው ተረፈ። በ7 በ7 ቢያሰልፍ ማንም አልተረፈም። በ19 በ19 ቢያሰልፍ 13 ሰው ተረፈ። ቁጥራቸው ከ532 አይበልጥም። ስንት ናቸው?

አንድ በአንድ መቁጠር ሳያስፈልግ ይገኛል። በ19 ሲሰለፉ 13 የሚተርፋቸው ቁጥሮች 13፣ 32፣ 51፣ 70 እያሉ ይቀጥላሉ። 13 ለ7 አይካፈልም፤ 32ም፣ 51ም አይካፈሉም። 70 ይካፈላል። 70 ለ4 ሲካፈልስ? 2 ይተርፋል። ምልምሎቹ 70 ናቸው፤ እስከ 532 ድረስ ሌላ መልስ የለም። እንዲህ ያለው ጥያቄ በቻይና ጥንታዊ ነው። ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ በሚገመት የሱን ዚ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በ3፣ በ5ና በ7 ተሠርቶ ይገኛል። አፈ ታሪኩም ሀን ሺን የተባለ የጦር መሪ ወታደሮቹን በዚህ መንገድ ይቆጥር ነበር ይላል። በዓለም ዙሪያ «የቻይና የቀሪ ንድፈ ሐሳብ» ተብሎ ይጠራል።

ታዲያ 70ን ከየት አመጣኋት? ለ4 ሲካፈል 2፣ ለ19 ሲካፈል 13 የሚተርፈው ቁጥር ቅድም አልፎናል፤ 7518 ራሱ ነው። ለ7ስ? 7518 ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 1074 ይደርሳል። እንግዲህ 7518ና 70 በ4ም በ7ም በ19ም ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ምክንያቱም 4፣ 7ና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ 7518 ለ532 ሲካፈል 14 ይደርስና 70 ይተርፋል። ሊቃውንቱ ይህን 532 ዐቢይ ቀመር ይሉታል። 14 ዐቢይ ቀመር አልቋል፤ እኛ ያለነው በ15ኛው ውስጥ 70ኛው ዓመት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። 4፣ 7ና 19 እርስ በርሳቸው የሚጋሩት አካፋይ የላቸውም፤ ከ1 በቀር። ስለዚህ ሦስቱ ዑደቶች አንድ ላይ ወደ ተነሡበት የሚመለሱት 532 ዓመት ሲሞላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት አይቻልም። የወንጌላዊው ስም፣ የዕለቱ ስምና ጨረቃዋ አብረው እንደ ዘንድሮ የነበሩት ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486 ዓ.ም. ነው። ያ ጊዜ የዐፄ እስክንድር ዘመን ማብቂያ ነበር። በዚያ ዓመትም መስከረም 1 ሐሙስ ነበረ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ዋለ። ቀጥሎ የሚመጣው በ2550 ዓ.ም. ነው።

ሌላም ውበት አለው። ማእከላዊ ቀመር የሚባለው 76 ዓመት ነው፤ 4 በ19 ሲባዛ። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ካደረግነው 76 ዓመት ልክ 27,759 ቀን ነው፤ ሩብ ቀን እንኳ አይተርፍም። ዐቢዩ ቀመር ደግሞ ከዚህ 7 እጥፍ ስለሆነ ልክ 27,759 ሳምንት ነው። ቀኑ ሳምንት ሆነ እንጂ ቁጥሩ አልተነቃነቀም! 

532 ማለት 4 በ7፣ ማለትም 28፣ በ19 ተባዝቶ ነው። 28ን በ19 ለማባዛት ለሚቸገር ልጅ በብዙ የውጭ መጻሕፍት በአገራችን ስም የሚጠራውን፣ በጥንታዊት ግብፅም የነበረውን የማባዣ ዘዴ ልስጠው። 19ን እያጋመስክ ውረድ፣ ግማሹን እየጣልክ፤ 19፣ 9፣ 4፣ 2፣ 1። 28ን ከጎኑ እያጠፍክ ውረድ፤ 28፣ 56፣ 112፣ 224፣ 448። በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለበትን ብቻ ያዝ፤ 28፣ 56ና 448። ደምራቸው፤ 532። እዚህም የሚፈርደው ለ2 ሲካፈል የሚተርፈው 1 ነው።

እውነቱን ለመናገር ቀመሩ ፍጹም አይደለም። 235 የጨረቃ ወራትና 19 የፀሐይ ዓመታት በትክክል እኩል አይደሉም፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለያያሉ። በ300 ዓመት ገደማ ውስጥ ይህች ልዩነት አንድ ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የቀመሩ ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ ዛሬ አይገጥሙም። ይህን መናገር ሊቃውንቱን ማሳነስ አይደለም። የአቆጣጠሩን ሒሳብ በጥልቀት ያጠኑ ሰዎች፣ ለምሳሌ በ1993 ዓ.ም. ባሕረ ሐሳብን የሚያብራራ ትልቅ መጽሐፍ ያወጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር የጻፈው ኦቶ ኖይገባወር፣ ጊዜያቸውን የሰጡት ሊጠና የሚገባው ሥራ ስላገኙበት ነው።

እስካሁን የጠየቅነው የሚተርፈውን ነበር። አሁን ደግሞ ምንም ሳያስተርፉ የሚያካፍሉትን እንፈልግ። 7518 ማለት 2 በ3 በ7 በ179 ተባዝቶ ነው። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። 7518 በጠቅላላው 16 አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 9762 ይሆናሉ፤ ከራሱ ይበልጣሉ። የጥንት ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቁጥር ትርፍ ያለው ይሉታል። ይህን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሚበልጥ ነገር በደጅ አለና።

የመጪው ዓመት ቁጥር 7519 ነው። ስልካችሁን አውጡና አካፋዩን ፈልጉ። 2 አይሆንም። 3 አይሆንም። 5፣ 7፣ 11፣ 13 አይሆኑም። 17፣ 19፣ 23 አይሆኑም። ብቸኛ ቁጥሮችን በተራ ስትሞክሩ ሃያው ሁሉ ቀሪ ያስቀራል፤ 21ኛው ላይ፣ 73 ላይ፣ በሩ ይከፈታል። 7519 ማለት 73 በ103 ነው። ልብ በሉ፤ 73ን በ103 ማባዛት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከ7519 ተነሥቶ 73ንና 103ን ማግኘት ግን ሃያ ጊዜ አስለፋን።

ይህ አለመመጣጠን የዘመናችንን ምስጢር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉ ሦስት ምሁራን በዚህ ላይ የቆመ የምስጢር ዘዴ አወጡ፤ በስማቸው መጀመሪያ ፊደላት አርኤስኤ ይባላል። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ያባዛሉ፤ ውጤቱን ለዓለም ይገልጣሉ፤ ሁለቱን ይደብቃሉ። መልእክቱ ወደ ቁጥር ይለወጥና በራሱ እየተባዛ፣ በዚያ ግዙፍ ቁጥር እየተገደፈ ይላካል። አዎ፣ እየተገደፈ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቁጥር 617 አኃዝ አለው። ለውድድር ከቀረቡት መካከል ባለ 250 አኃዙ እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈትቷል፤ ብዙ ኮምፒውተሮችን ለወራት አሠርቶ። ባለ 617ቱ እስካሁን አልተነካም።

የመጨረሻ ነጥቤ ስለ አንድ እጅግ ግዙፍ ቁጥር ነው። 2ን 136,279,841 ጊዜ ደርድራችሁ አባዙ፤ ከውጤቱ ላይ 1 ቀንሱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ የታወጀው ይህ ነው፤ እስከዚያ ቀን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያገኘው ሉክ ዱራንት የሚባል መሐንዲስ ነው፤ በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች ኮምፒውተራቸውን ከሚያዋጡበት ፍለጋ ጋር ሆኖ። ቁጥሩ 41,024,320 አኃዝ አለው። በአንድ ገጽ 3,000 አኃዝ ብናትም 13,675 ገጽ ይፈጃል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል? ፈተናው ቃሉ አጭር ነው። 4ን ያዝ። በራሱ አባዛው፣ 2 ቀንስ፣ በዚያ ግዙፍ ቁጥር ግደፈው። የተረፈውን ይዘህ እንደገና እንዲሁ አድርግ፤ ከ136 ሚሊዮን ጊዜ በላይ። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው አልቦ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። አልቦ ሆነ።

እኛም ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ስለዚህ ቁጥር አንዳንድ ነገር ማወቅ እንችላለን። የመጨረሻ አኃዙ ስንት ነው? 2 በራሱ ሲባዛ የመጨረሻ አኃዙ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት ይዞራል። 136,279,841 ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ ብዜቱ በ2 ያልቃል። 1 ሲቀነስ ቁጥራችን በ1 ያልቃል። አሁን ደግሞ የእኛን የሊቃውንት ጥያቄ እንጠይቀው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ይህን ያህል ቀን ብንቆጥር በምን ቀን እንውላለን? የ2 ብዜቶች በ7 ሲገደፉ 2፣ 4፣ 1 እያሉ በሦስት ይዞራሉ። የ136,279,841 አኃዞች ሲደመሩ 41 ናቸው፤ 41 ለ3 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ እንቆማለን፤ 4። 1 ስንቀንስ 3። ከእሑድ ሦስት ቀን፤ ረቡዕ። አርባ አንድ ሚሊዮን አኃዝ ያለውን ቁጥር አንድም ገጽ ሳንጽፍ ዕለቱን ነገረን።

መምህራን ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ማካፈልንና ቀሪን ስታስተምሩ በዓመቱ ቁጥር ጀምሩ። ልጁ ያገኘውን መልስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያይቶ ራሱን ያርማል፤ እንዲህ ያለ ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ጥያቄያችሁ ከመግባታችን በፊት ወጣቶቹ ባዶ ወረቀት ያድሏችኋል። የ2019ን ፋሲካ እናንተ ቀምሩልኝ። 7519ን ለ19 ስታካፍሉ 14 ይተርፋችኋል፤ አንዱን ቀንሳችሁ 13 ወንበር ያዙ። መጥቅዑ ከ14 እንደሚያንስ ታያላችሁ፤ ስለዚህ ወደ ጥቅምት ተሻገሩ፣ ነነዌም ወደ የካቲት ትሻገራለች። መስከረም 1 ዓርብ ነው፤ የመጥቅዑን ዕለት ከዚያ ቁጠሩ። ቅዳሜ ላይ ካረፋችሁ ተውሳኩ 8 ነው። መጨረሻ ላይ ሚያዝያ 24 ያገኘ ሰው እጁን ያንሣ፤ ሌላ ቀን የወጣለት ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ይምጣ፤ አብረን እንገድፈዋለን።